የዐጸዱን ዛፍ መልኩን ሳያጠፉ ስለ መግረዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ በብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። ይኸውም ያደጉትንና የሸመገሉትን ዛፎች መግረዝ ነው። በቤተ ልሔሙ ጣራ ላይ የተጋደመው ቅርንጫፍ ይነሣል፤ ከቅጽሩ አልፎ ወደ መንገድ የወጣው ይቈረጣል፤ በነፋስ ተሰብሮ የተንጠለጠለው ይወርዳል። ሥራው ለተመልካች ቀላል ነው፤ ምሳር ማንሣት የሚችል ሰው ሁሉ የሚፈጽመው ይመስላል። ነገር ግን 60 ወይም 80 ዓመት ፈጅቶ የተገኘው የዛፍ መልክ በአንድ ጠዋት ሊጠፋ ይችላል። ከጠፋም በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ፊደል ቈጥረው ያደጉት ሰዎች በዕድሜያቸው መልሰው አያዩትም።

እኛም ስለዚህ ሥራ ለመጻፍ የተነሣነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ምክንያት ዛፉ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ስለ ሆነ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው ብዙው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ የሚገኘው መሆኑን ሊቃውንት መስክረዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረዋል። አባቶቻችን ጠብቀው ያቈዩልንን እኛ በአለማወቅ ምሳር ብናበላሸው ማን ይመሰገናል? ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ያደገ ዛፍ የሚገረዝበት ጥበብ፥ ያደገ ሰው የሚገሠጽበትን ጥበብ በግልጥ የሚያስተምር ስለ ሆነ ነው። የነፍስ አባት የንስሓ ልጁን፥ ልጅ የሸመገለ አባቱን፥ ጉባኤ የቈየ አገልጋዩን ማረም ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። በዚያን ቀን በአንደበታችን ያለው ምሳር ሊያድንም ሊያጠፋም ይችላል።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። በቋንቋችን መግረዝ የሚለው ቃል ለሰውም ለዕፅም ይነገራል። ሕፃኑ ይገረዛል፤ ወይኑና ቡናውም ይገረዛል። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በ10ኛው ምዕራፍ፥ ኤርምያስም በትንቢቱ በ4ኛው ምዕራፍ ልብም ሊገረዝ የሚገባው መሆኑን አስተምረዋል። በሦስቱም ላይ የሚወገድ ነገር አለ፤ ነገር ግን የግርዘት ዓላማ የሚወገደው ሳይሆን የሚቀረው ነው። ገራዥና እንጨት ቈራጭ የሚለያዩትም በዚህ ነው። እንጨት ቈራጭ የሚያስበው ስለሚወድቀው እንጨት ነው፤ ገራዥ የሚያስበው ስለሚቀረው ዛፍ ነው። እንደዚሁም ዐጸድ የሚለው ቃል ለተክል ስፍራም ለቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ይነገራል፤ ያረፉትንም አባቶቻችንን በዐጸደ ነፍስ ያሉ እንላቸዋለን። እንግዲህ ስለ ዐጸድ ዛፍ ስንናገር ከነፍስ ነገር ርቀን የሄድን አይደለንም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም እግዚአብሔርን በገበሬ አምሳል ያቀርቡልናል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ራሱን በወይን ግንድ፥ አባቱን በገበሬ መስሎ፥ ፍሬ የሚሰጠው ቅርንጫፍ እንኳ ፍሬው እንዲበዛ የሚጠራ መሆኑን አስተማረ። እንግዲህ መገረዝ የክፉው ቅርንጫፍ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ የመልካሙም ዕድል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እስራኤል ወይናቸውን 6 ዓመት እንዲገርዙ፥ በ7ኛው ዓመት ግን ምድሪቱን አሳርፈው እንዳይገርዙ ታዝዘዋል። ስለዚህ ለገራዡም እጅ ዕረፍት ተሠርቶለታል። በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍም 3 ዓመት ፍሬ ያልተገኘባት በለስ እንድትቈረጥ ጌታዋ ባዘዘ ጊዜ፥ አትክልተኛው አንድ ዓመት ጨምሮ ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊኮተኵትና ፍግ ሊያፈስባት ቃል ገባ። ምሳር ከመነሣቱ በፊት ዶማና ፍግ እንደሚቀድሙ ከዚህ እንማራለን።

ነገር ግን ዛፍ ሁሉ አንድ እንዳይደለ አገራረዙም አንድ አይደለም። ወይን በየዓመቱ በብርቱ ይገረዛል፤ ፍሬ የሚይዘው ከተተወው ጥቂት ሐረግ በሚወጣው አዲስ ቡቃያ ላይ ስለ ሆነ የቀረው ሐረግ አብዛኛው ይወገዳል። ያረጀም ቡና ይጐነደላል፤ ግንዱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ሲቈረጥ ከጕቶው አዲስ ቡቃያ ይወጣለታል። የዐጸድ ዛፍ ግን የሚፈለገው ለጥላውና ለግርማው ነው፤ ፍሬው መልኩ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ በወይን ቦታ ወይም በቡና ተክል የተማረ እጅ ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ ሸመገለው ጽድ ቢወጣ፥ በዚያ ሙያ የነበረው በዚህ ጥፋት ይሆናል።

ከዚህም በላይ ለጋው ችግኝና የጸናው ዛፍ ይለያያሉ። ችግኝ በሚገረዝበት ጊዜ መልክ ይሰጠዋል፤ ሁለት ራስ ያወጣ እንደ ሆነ አንዱ ይወገዳል፤ ቍስሉም ጠባብ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይከደናል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው። የጸናው ዛፍ ግን መልኩን ይዟል። ገራዡ ያለውን መልክ ሊጠብቅለት እንጂ ሌላ መልክ ሊሰጠው አይችልም። ጽድ በልጅነቱ ራሱ ወደ ላይ የሾለ ነው፤ በሸመገለ ጊዜ ግን ራሱ ይሰፋል፥ ቅርንጫፎቹም ይዘረጋሉ። ሽማግሌውን ጽድ ወደ ልጅነቱ መልክ እመልሳለሁ ብሎ የሚቈርጥ ሰው ሽማግሌም ልጅም ያልሆነ ነገር ያተርፋል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በ1ኛው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ሽማግሌን በኃይለ ቃል እንዳይገሥጸው፥ ነገር ግን እንደ አባት እንዲመክረው አዘዘው። ሽማግሌ አይታረም አላለም፤ የሚታረምበትን እጅ ለየ እንጂ።

እንግዲህ የገራዡ የመጀመሪያ ሥራ ማየት ነው። መሰላሉ ከመቆሙ በፊት ዛፉን በአራቱ ማዕዘን ይዞረዋል፤ ርቆም ቆሞ መልኩን ያጠናል። በዛፉ ላይ የወጣ ሰው የዛፉን መልክ አያይም፤ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ገራዥ ከታች ሆኖ የሚመለከትለትን ሰው ያቆማል፤ ጥቂት ከቈረጠም በኋላ ራሱ ወርዶ እንደ ገና ያያል። ያልተቈረጠው ነገ ሊቈረጥ ይችላል፤ የተቈረጠው ግን ነገ ሊቀጠል አይችልም።

በሰውም ላይ እንደዚሁ ነው። አንድ ሽማግሌ 40 ዓመት ሰንበቴውን ሲያገለግል፥ ድኻ ሲቀብር፥ የተጣላ ሲያስታርቅ ኖሮ፥ በስተርጅናው ግን በመጠጥ ተፈተነ እንበል። በአንድ በዓል ቀን በማኅበሩ መካከል ያልተገባ ቃል ተናገረ። በዚያች ሰዓት ከአጠገቡ ያለነው የምናየው ያቺን አንዲት ቅርንጫፍ ነው። ቍጣም በዛፉ ላይ እንደ ወጣ ሰው ያደርገናል፤ ከፊታችን ካለው በቀር ሌላ አያሳየንም። ስለዚህ የነፍስ አባት ከመናገሩ በፊት ርቆ ይቁም። 40ውን ዓመት ይመልከት። የንስሓ ልጁ ለክብሩ ሲባል ምሥጢሩ የተጠበቀ ሆኖ፥ ስለ ተግሣጹ አኳኋን ከእርሱ የሚበልጥ አባት ይጠይቅ። ሌሊቱም ሳያልፍ አይቸኩል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሁለተኛው ሥራ ምን እንደሚወገድ መለየት ነው። በመጀመሪያ የደረቀው፥ ቀጥሎ የታመመው፥ ከዚያም የተሰበረው ይወገዳል። ከዚህ በኋላ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ቅርፊታቸውን የሚልጡ ሁለት ቅርንጫፎች ቢኖሩ ደካማው ይነሣል። በብዙ የጸና ዛፍ ላይ ይህ ከተፈጸመ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የሚከተለው ቍረጥ ብዙ ጊዜ የገራዡ ምርጫ እንጂ የዛፉ ችግር አይደለም። በጤናማው ቅርንጫፍ ላይ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ይህ ለምን ይወገዳል ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ ይተወው።

እንደዚሁም ሁሉ ኀጢአት በሰው ላይ የደረቀ እንጨት ነው፤ ሕይወት የለውም፥ በጊዜው ካልተወገደም ወድቆ በሥሩ ያለውን ይጐዳል። ነገር ግን በሰው የማንወደው ነገር ሁሉ ኀጢአት አይደለም። ድምፁ ከፍ ያለ ሰው አለ፤ ነገሩ የዘገየ ሰው አለ፤ በገጠር የተማረውን የጸሎት ልማድ ይዞ ከተማ የገባ ሰው አለ። ይህ የዛፉ መልክ ነው። ከመልኩ ላይ ቈርጠን ኀጢአት አስወገድሁ ብንል፥ የደረቀውን ትተን እርጥቡን ጣልን። ወጣቶች በትምህርት ያገኙትን ብርሃን ይዘው የሸመገሉትን ሲመክሩ በተለይ ይህን ያስተውሉ። የእኛን የማይመስል ሁሉ የተጣመመ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር መጠን ነው። ቅጠል ለዛፉ እንደ ማዕድ ቤት ነው። ሥር ከምድር የሳበውን ውኃና ከአየር የተገኘውን፥ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን አዋሕዶ ምግብ ያደርገዋል፤ ያም ምግብ ተመልሶ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ስለዚህ ቅጠሉን የቈረጠ ሥሩን አስራበ። የዛፍ ሊቃውንት ከአንድ ዛፍ ላይ በአንድ ዓመት ከለምለሙ ክፍል ከ4 አንድ እጅ በላይ እንዳይወሰድ ይመክራሉ፤ ለሸመገለው ዛፍ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይገባዋል። ወጣት ዛፍ የተከማቸ ኀይል ስላለው የተወሰደበትን ፈጥኖ ይተካል፤ ሽማግሌ ዛፍ ግን ያለውን ኀይል የሚፈጀው ራሱን ለማቆም ነው። በጥላ የኖረ ቅርፊትም ድንገት ቢገለጥ በፀሐይ ይቃጠላል። ብዙ ሥራ ያለበት ዛፍ እንደ ሆነ በ2 ወይም በ3 ዓመት ተከፍሎ ይሠራ።

ሐዋርያው በቆሮንቶስ ሰዎች መካከል የወደቀውን ሰው እንዲገሥጹት ካዘዘ በኋላ፥ በ2ኛው መልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ የተፈጸመበት ቅጣት እንዲበቃው፥ ከልክ ባለፈ ኀዘንም እንዳይዋጥ ይቅር ብለው እንዲያጽናኑት ጻፈላቸው። ይህ የመጠን ትምህርት ነው። ጾም የማይችለውን በሽተኛ በጾም፥ ጕልበት የሌላትን አሮጊት በስግደት፥ ለልጆቹ ዳቦ የሚያጣውን በብዙ ምጽዋት ብንቀጣ፥ ከሥሩ ላይ ምግብ መውሰዳችን ነው። ዲድስቅልያም ኤጲስ ቆጶስን በባለ መድኃኒት መስላ፥ የሚቈርጠው መሣሪያ ከሌላው መድኃኒት ሁሉ በኋላ እንዲመጣ ታስተምራለች። ቀኖና የሚሰጠው ሰውየው እንዲድን ነው፤ ካህኑ ጥብቅ መባል እንዲያገኝ አይደለም።

መጠኑን ያለፈ ግርዘት ምን እንደሚያመጣ በከተማችን መንገድ ዳር አይተናል። ዛፉ ረዘመ ተብሎ ራሱ ይቈረጣል፤ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች በመካከላቸው ተጐምደው እንደ ጣት አልባ እጅ ይቀራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙ ዛፍ ከየጕማዱ ቀጥ ያለ ለምለም ቡቃያ በብዛት ያወጣል። የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዛፉ ታደሰ ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛፉ ይህን ያወጣው ስለ ተራበ ነው። ቡቃያው የተጣበቀው በእንጨቱ ልብ ሳይሆን ከቅርፊቱ አጠገብ በላይኛው ክፍል ነው፤ ከሥሩ ያለው ጕማድ ደግሞ እየበሰበሰ ይሄዳል። ቡቃያው ሲከብድ በነፋስ ይገነጠላል። ስለዚህ ዛፉ ከፊተኛው ይልቅ አስፈሪ ይሆናል፥ መልኩም አይመለስም። ረዝሟል የሚባል ቅርንጫፍ በመካከሉ ከሚጐመድ፥ ከእርሱ ወደ ተወለደ ሌላ ቅርንጫፍ ተመልሶ ይቈረጥ፤ የሚተወውም ቅርንጫፍ ውፍረቱ ከሚቈረጠው ቢያንስ ከ3 አንድ እጅ ይሁን። ያን ጊዜ የሚተካ ራስ ስለሚያገኝ መልኩ አይጠፋም።

ራሱ የተቈረጠ ሰውም እንደዚሁ ነው። በሰው ፊት የተዋረደ፥ ክብሩ የተወሰደበት ምእመን አንዳንድ ጊዜ ወዲያው ብዙ ነገር ያወጣል። ስግደቱ ይበዛል፤ ልብሱ ይለወጣል፤ በቅዳሴ ከሁሉ ፊት ይቆማል። እኛም ተግሣጻችን ሠራ ብለን ደስ ይለናል። ነገር ግን የወጣው ከፍርሃትና ከእፍረት ከሆነ በላይኛው ቅርፊት ላይ ብቻ የተጣበቀ ነው፤ የመጀመሪያው የመከራ ነፋስ ይገነጥለዋል። እውነተኛ ንስሓ ግን ዝግ ብሎ ይወጣል፥ ሥሩም በልብ ነው።

አራተኛው ነገር የሚቈረጥበት ስፍራ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ስፍራ ዙሪያውን ጥቂት ያበጠ ቀለበት የመሰለ ነገር ይታያል፤ እኛ አንገትጌ እንበለው። ቍስሉን የሚከድነው አዲስ እንጨት ዋናው የሚነሣው ከዚያ ነው። ስለዚህ መጋዙ አንገትጌውን ሳይነካ ከእርሱ ወዲያ በኩል ያልፋል። አንገትጌውን ጨምሮ ከግንዱ ጋራ አስተካክሎ የቈረጠ ሰው ግንዱን አቈሰለ፤ ርቆ ቈርጦ ጕማድ ያስቀረም ሰው መበስበስ የሚገባበትን በር ከፈተ።

አሌክስ ሻይጎ የተባለ የአሜሪካ የዛፍ ሊቅ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1930–2006) በአገሩ መንግሥት የደን አገልግሎት ውስጥ ሲሠራ ብዙ ሺህ ዛፎችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ የቍስላቸውን ነገር መረመረ። ያገኘውም ይህ ነው፤ ዛፍ እንደ ሥጋ አይሽርም። የቈሰለው እንጨት ተመልሶ አይታደስም፤ ዛፉ በዙሪያው ቅጥር ሠርቶ መበስበሱ እንዳያልፍ ይከለክለዋል፥ በላዩም አዲስ እንጨት ያበቅላል። ቍስሉ ግን እስከ ዛፉ ዕድሜ ፍጻሜ በውስጡ ይኖራል። በቍስሉ ላይ ቀለም፥ ሬንጅ ወይም ሌላ ልባጥ መቀባትም መበስበስን እንደማይከለክል በምርመራ ታውቋል። የሚጠቅመው በትክክለኛው ስፍራ የተቈረጠ ንጹሕ ቍረጥ ነው።

ይህን የሰማ መካሪ ይፍራ። በሽማግሌ ልብ ላይ ያረፈ ክፉ ቃል ይከደን ይሆናል፤ በውስጡ ግን ይኖራል። ቈርጠን ካበቃን በኋላ ለክፋት አልነበረም፥ ለጥቅምህ ነው እያልን የምንቀባው ቀለም ቍስሉን አያድነውም። ስለዚህ ሁለቱን ስሕተት እንጠበቅ። ኀጢአቱን ከነሥሩ ሳንናገር በግማሽ ነክተን ብንተወው ጕማድ አስቀረን፤ ከዚያ የሚገባው መበስበስ ከፊተኛው ይብሳል። ኀጢአቱንም አልፈን የሰውየውን ስም፥ የአባቱን ቤት፥ ያለፈ አገልግሎቱን ብንነካ አንገትጌውን ቈረጥን፤ ሊድን የሚችልበትን ክፍል ወሰድንበት። ድርጊቱ ይወገዝ፤ ሰውየው ይቁም።

አምስተኛው ነገር የአቈራረጡ ተራ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ቢቈረጥ፥ መጋዙ ሥራውን ሳይጨርስ ቅርንጫፉ በክብደቱ ይወድቅና የግንዱን ልጥ እስከ ታች ይገሸልጣል። ስለዚህ ሥራው በ3 ቍረጥ ይፈጸማል። መጀመሪያ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከታች በኩል እስከ ሲሶው ይነከሳል። ሁለተኛም ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ራቅ ብሎ ከላይ ይቈረጣል፤ ቅርንጫፉም ሲወድቅ ልጡ ከታች ተነክሷልና መገሽለጡ ወደ ግንዱ አይደርስም። በመጨረሻም ክብደት የሌለው አጭር ጕማድ ብቻ ስለሚቀር በእጅ ተይዞ በአንገትጌው ወዲያ በጥንቃቄ ይቈረጣል።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን የገሠጸበትን ሥርዐት በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ12ኛው ምዕራፍ የሚያነብ ሰው እነዚህን 3ቱን ቍረጦች ያገኛቸዋል። ዳዊት የጸና ዛፍ ነበር፤ ሕዝብም በጥላው ሥር ይኖር ነበር። ኀጢአቱም ከባድ ቅርንጫፍ ነበር፤ ግፍና ደም ነበረበት። ናታን ገብቶ በዐደባባይ አልጮኸበትም። መጀመሪያ የባለጠጋውንና የድኻውን፥ የአንዲቱንም በግ ምሳሌ ነገረው፤ የንጉሡ ልብ በገዛ ፍርዱ ከታች ተነከሰ። ቀጥሎ ያ ሰው ንጉሡ ራሱ መሆኑን ገለጠለት፤ የኀጢአቱም ክብደት ወደቀ። ነገር ግን አስቀድሞ ፍርድን በአንደበቱ ተናግሮ ነበርና ዳዊት ተገሽልጦ አልወደቀም፤ በድያለሁ አለ። በ3ኛው እግዚአብሔር ኀጢአቱን እንዳራቀለት ነገረው፤ የሚመጣበትንም ቅጣት አልሸሸገም። ጕማድ አልቀረም፥ ግንዱም አልቈሰለም። ዳዊት ንጉሥ ሆኖ ቀረ፤ ከግንዱም በሥጋ ክርስቶስ ተወለደ። ናታን ሁሉን በአንድ ምሳር ቢመታው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን እንጠይቅ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነገር የዛፉን ዘር ማወቅ ነው። በዐጸዳችን ወይራና ጽድ ጐን ለጐን ቆመው እናያለን። ሁለቱም ሽማግሎች ናቸው፤ ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ወይራ ቢጐነደል እንኳ ከጕቶው ያቈጠቍጣል። ጽድ ግን ቅጠል ከሌለው ከአሮጌው እንጨት ላይ እንደ ገና አያቈጠቍጥም። የጽድ ቅርንጫፍ አረንጓዴው ካለበት አልፎ ወደ ራቁቱ እንጨት ቢቈረጥ፥ ያ ስፍራ ለዘላለም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ እጅ የገረዘ ሰው ወይራውን አልጐዳሁም ብሎ በጽዱ ላይ ይጸጸታል።

በመንጋውም መካከል ወይራና ጽድ አሉ። በብርቱ ቃል ተመትቶ በሳምንቱ አቈጥቍጦ የሚመለስ አለ፤ እርሱን የለዘበ ቃል አይቀሰቅሰውም። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ከተዋረደ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ዳግመኛ ሳይረግጥ ወደ መቃብር የሚወርድም አለ። በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ባዶ ስፍራ የሌለበት ማኅበር ጥቂት ነው፤ ሰንበት ሲደርስ ወንበሩ ይታያል፥ ሰውየው ግን የለም። ያን ቀን የተናገርነው ቃል እውነት ነበር ብንል እንኳ፥ ስለ እውነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ዛፉም እንጠየቃለን። እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንዲያውቅ የታዘዘው ስለዚህ አይደለምን?

ወደ ዐጸዳችን ሥራ ተመልሰን ጥቂት ነገር እንጨምር። ግርዘቱ ዝናሙ ካባራ በኋላ ቍስሉ ሊደርቅ በሚችልበት ጊዜ ይሁን። መጋዙ የተሳለና የጸዳ ይሁን፤ ከታመመ ዛፍ ወደ ጤናማው ሳይጠረግ አይለፍ። የወፍ ጎጆ ያለበት ቅርንጫፍ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይታገሡት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን ዛፍ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካው። ትልቅ ዛፍ የሚገረዝበት ቀን ሲወሰን አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው አብረው ዛፉን ዞረው ይዩት፤ የሚቈረጠውም ቅርንጫፍ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበት። ሥራው ባለቀ ጊዜ ከሩቅ የሚያይ ሰው ዛፉ መገረዙን ካላወቀ፥ ገራዡ ሙያ ያለው ሰው ነው።

የምንገረዝም እኛ ነንና አንድ ቃል ለራሳችን ይቅር። ማንም ሰው ሸምግያለሁ፥ መልኬ ጸንቷል ብሎ ከግርዘት ነጻ አይሁን። የደረቀውን ቅርንጫፍ ይዞ መቆም መልክን መጠበቅ አይደለም። ኢዮብ በ14ኛው ምዕራፍ የተቈረጠ ዛፍ እንኳ እንደ ገና ሊያቈጠቍጥ ተስፋ እንዳለው ተናገረ፤ ኢሳይያስም በ11ኛው ምዕራፍ ከእሴይ ግንድ በትር እንደሚወጣ አስቀድሞ አየ። ከጕቶ ሕይወትን ማውጣት የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ነገር ግን እርሱ ሊያወጣ ይችላል ብለን ወንድማችንን ጕቶ እንድናደርገው ሥልጣን አልተሰጠንም። ለእኛ የተሰጠን ትንሽ መጋዝ፥ የሚያይ ዐይንና የሚዘገይ እጅ ነው።

ስለዚህ አባቶቻችን ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ ነገ ሊታረም የሚገባውን ሰው ከማግኘታችን በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ጥቂት እንቁም። ይህን መልክ ለማግኘት ስንት ክረምት እንዳለፈበት እናስብ። ከዚያ በኋላ በጸሎት እንሂድ። የወይኑ ቦታ ባለቤት እኛን በብዙ ትዕግሥት እንደ ገረዘን፥ እኛም ወንድሞቻችንን በትዕግሥት እናቅና ዘንድ ይርዳን። የአባቶቻችን በረከት፥ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።